ገለባው ተወደደ፣ ገብሱ ምርቃት ነው

አንድ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ስሙ እጅጉ ይባላል። የሚኖርበት አገር ንጉሡ አስተዋይ፣ ሊቃውንቱ ብዙ፣ አዋጅ ነጋሪዎቹም ድምፃቸው የማይሰልል አገር ነበር። የጎደለ ነገር ቢኖር የሚበላ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ጎደለ የሚለው ሕዝቡ እንጂ ቤተ መንግሥቱ ስላልሆነ፣ በእርግጥ ጎድሏል ብሎ መናገር ድፍረት ይሆናል።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዱ ዝናቡ ነው አለ። አንዳንዱ ደግሞ ንጉሡ ከጎረቤት ንጉሥ ጋር በቁመት ለመፎካከር የጀመሩት ግንብ ነው አለ፤ ይህን ያለው ሰው ግን ወዲያው ዝናቡ ነው ወደሚሉት ዞረ። ምክንያቱን የሚያውቁት ሊቃውንት የመንግሥት ሥራ ስለ በዛባቸው ለመናገር ጊዜ አላገኙም። ብቻ አንድ ቀን ሽንኩርት ተወደደ፤ ሰው ሽንኩርት ቀነሰ። ቀጥሎ ቅቤ ተወደደ፤ ሰው ቅቤ ተወ። ከዚያ እህል ተወደደና ሰው ምን እንደሚተው ግራ ገባው።

እጅጉ የአገሩን ሁኔታ የሚያውቀው በኮርቻ በኩል ነበር። ጊዜው ደህና ሲሆን ሰው አዲስ ኮርቻ ያሰፋል። ጊዜው ሲከፋ አሮጌውን ያስጠግናል። ጊዜው በጣም ሲከፋ በቅሎውን ይሸጥና ኮርቻውን ተሸክሞ መጥቶ "ግዛኝ" ይላል። በዚያ ዓመት የእጅጉ ቤት በሰው ኮርቻ ተጨናንቆ ነበር። እሱና ሚስቱ ዘርፌ ራታቸውን የሚበሉት እንደ መንገደኛ ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ራት ሲኖር ማለት ነው።

ዘርፌ እርጉዝ ነበረች፤ ያውም ቀኗ የደረሰ። በዚያ አገር ልማድ የወለደች ሴት መጀመሪያ የምትበላው የገብስ ገንፎ ነው። እሱን ካልበላች አንጀቷ አይጠገንም፣ ጡቷም ወተት አይዝም ይባላል። ሊጠይቃት የሚመጣ ሰውም፣ ባለሥልጣን ይሁን ለማኝ፣ ገንፎውን ሳይቀምስ አይወጣም። ሳይቀምስ የወጣ እንደ ሆነ አራሷን እንደ ናቃት ይቆጠርበታል። ስለዚህ ለዘርፌ ገብስ ያስፈልጋት ነበር። ብዙ አይደለም፤ አንድ ቁና።

"አንተ ሰውዬ፣" አለችው አንድ ጠዋት፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ "ገብሱ ሳይገባ እኔ አልወልድም።"

"እንዴት አልወልድም ትያለሽ? በእጅሽ ነው እንዴ?"

"በእጄ ያለው ይኸው የያዝኩት ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በነጋዴ እጅ ነው።"

እጅጉ ለዚህ ምን ብሎ እንደሚመልስ ሲያስብ ዋለ። አስቦ ሳይጨርስ አዋጅ ተነገረ።

"የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የእህል መወደድ ንጉሣችንን አሳዝኗቸዋል። ከዛሬ ጀምሮ እህል የሚሸጠው ንጉሣችን በነገሡ ዕለት በተሸጠበት ዋጋ ነው። አስበልጦ የሸጠ ነጋዴ መጋዘኑ ይታሸጋል፤ እሱም ይታሸጋል!"

ሕዝቡ እልል አለ። እጅጉም የያዘውን መስፊያ ጥሎ፣ ባዶ ስልቻ በትከሻው አድርጎ ወደ ገበያ በረረ። ሌላውን ሁሉ አልፎ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ሄደ። እትዬ ደብሪቱ እህል ነጋዴ ናቸው፤ የዘርፌ እናት በሕይወት ሳሉ የልብ ባልንጀራቸው ስለ ነበሩ፣ ዘርፌን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት። ምላሳቸው ግን ለዘመድም አይመለስም።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ገብስ ስንት ገባ?"

"እንደ አዋጁ ነው።"

"እሰይ! እንግዲያው አንድ ቁና ይስፈሩልኝ።"

"የለም።"

"ምኑ?"

"ገብሱ።"

"አሁን ዋጋው እንደ አዋጁ ነው አላሉኝም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ዋጋው የምንድን ነው?"

"የሌለው ገብስ ነዋ! ያለው ገብስማ በዚህ ዋጋ ይገኛል? ሂድ ልጄ፣ ወደ ቤትህ ግባ። በደጉ ዋጋ ደስ ይበልህ።"

እጅጉ ባዶ ስልቻውን አጣጥፎ ተመለሰ። መንገዱን ሁሉ ደስ ይበለው ወይስ ይዘን እያወጣ እያወረደ ነበር። ዘርፌ በር ላይ ጠበቀችው።

"ገብስ ረክሷል!" አላት።

"እሰይ፤ የታለ?"

"የለም።"

"ረክሶ ነው የጠፋው ወይስ ጠፍቶ ነው የረከሰው?"

እጅጉ ስልቻውን ጥሎ ኮርቻ ላይ ተቀመጠ። ጥያቄው ለሊቅ የሚቀርብ እንጂ ለኮርቻ ሰፊ የሚሆን አልመሰለውም።

ሊቁም ራሳቸው መጡ። የቤተ መንግሥቱ የገበያ ሊቅ ነበሩ፤ ያንን አዋጅ ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ንጉሡ "ሂድና እህል ምን ያህል እንደ ረከሰ በየአውራጃው ዞረህ እይልኝ" ስላሏቸው ለአዲሷ በቅሏቸው ኮርቻ ሊያሰፉ ፈለጉ። ሕዝቡን ለመምሰል ሲሉ ያለ አጃቢ ነው የሚዞሩት። ሕዝቡ በቅሎ የሌለው መሆኑን ግን የነገራቸው የለም።

"አደራህን ምቹ ይሁን፣" አሉት እጅጉን። "አገሩ ሰፊ ነው፤ ደስታውም ብዙ ነው። ሁሉንም ተቀምጬ ነው የማየው።"

ቀብድ ሰጡትና ሄዱ። እጅጉ በዚያ ዓመት ያየው የመጀመሪያ ቀብድ ስለ ነበረ፣ በኩታው ጫፍ ቋጠረው፣ ፈታው፣ እንደገና ቋጠረው። ከኮርቻው ሥር የሚጎሰጎስ ገለባ አልነበረውምና በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ወጣ። ገለባ ድሮ ከገበያው ጥግ እንዲሁ በነጻ የሚታፈስ ነገር ነበር። በቀረው ገንዘብ ገብስ ቢገኝ ገብስ ይገዛል።

ገበያው ሲደርስ ዓይኑን ማመን አቃተው። በየእህል ነጋዴው ፊት ተቆልሎ የሚታየው ገለባ ነው። በየገለባው ፊት ደግሞ ሰው ተሰልፏል። ሰልፉ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አለ፣ አንጥረኛ አለ፣ የጨዋ ልጆች እናት አለች። እጅጉ "ሰው ሁሉ ኮርቻ ሰፊ ሆነ እንዴ?" ብሎ ተደነቀ፤ እንጀራውም የሚነጠቅ መስሎት ትንሽ ፈራ።

እዚህ ላይ ስለ ምርቃት መናገር ያስፈልጋል። በዚያ አገር ነጋዴ ሰፍሮ ሲጨርስ ገዢው "ይመርቁልኝ እንጂ" ይላል። ነጋዴውም ከሰፈረው በላይ አንድ እፍኝ ይጨምርለታል። ይህ ምርቃት ይባላል። ዋጋ የለውም፣ አይከፈልበትም፣ አይከለከልምም። ምርቃት የነፈገ ነጋዴ ስሙ ይጠፋል። ንጉሡ በብዙ ነገር ላይ አዋጅ አውጥተዋል፤ በምርቃት ላይ ግን ማንም ንጉሥ አዋጅ አውጥቶ አያውቅም።

የእጅጉ ተራ ደረሰ።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ገለባ ስንት ነው?"

እትዬ ደብሪቱ ዋጋውን ነገሩት። ቀብዱን ጠራርጎ የሚወስድ ዋጋ ነው።

"ለገለባ?"

"ለገለባ። ምርቃት አለው፣" አሉና በአንድ ዓይናቸው ጠቀስ አደረጉት።

እጅጉ ዓይናቸው ውስጥ አቧራ የገባ መስሎት አዘነላቸው። ምርቃት ሲሉም የገለባ ጭማሪ መሰለው። "ምርቃቱ ይቅርብኝ፣ እትዬ። ገለባው ብቻውን ስንት ነው?"

ሰልፉ ሁሉ አንገቱን ወደ እሱ አሰገገ።

"ምን አልከኝ?"

"ምርቃት አልፈልግም። ገለባውን ነው የምፈልገው።"

ከኋላው አንዲት ሴት "ከቤተ መንግሥት የተላከ ነው!" ብላ አንሾካሾከች። ወሬው ከሰልፍ ወደ ሰልፍ ዘለለ። ወዲያና ወዲህ ያሉ ነጋዴዎች ከገለባው ሥር ያለውን ነገር በጨርቅ ይሸፍኑ ጀመር። አንዱ ነጋዴ ላዩ ላይ ተኛበት። እትዬ ደብሪቱ ፊታቸው አመድ መሰለ። ይህ ልጅ በጓደኛቸው ልጅ ላይ የገባ እባብ ይሆን? ወይስ የጅልነቱ መጠን ይህን ያህል ነው? ሁለቱንም ሊያምኑ አልቻሉም።

"ለምንድን ነው ገለባ የፈለግኸው?" አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ለገበያ ሊቁ ኮርቻ።"

ይህ መልስ ነገሩን አባሰው። እትዬ ደብሪቱ አንድ ስልቻ ሙሉ ገለባ ጠቅጥቀው በትከሻው ላይ ወረወሩለት። "ውሰድ። በነጻ ነው። ከዚህ ብቻ ሂድልኝ።"

"እግዜር ይስጥልኝ! ገብስስ መጥቷል?"

"የምን ገብስ! ገብስ የሚባል ነገር አይቼም ሰምቼም አላውቅ!"

እጅጉ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከገበያው መውጫ ላይ ሌላ ጉድ አየ። አንድ ሰው ያን በውድ የገዛውን ገለባ ዘርግፎ ጣለና፣ አፉ የታሰረ ሌላ ስልቻ ተሸክሞ ጎንበስ እያለ ሄደ። ለዘርፌ ሲነግራት እየሳቀ ነበር።

"ሰው አብዷል። ገለባውን በወርቅ ዋጋ ይገዛና ይጥለዋል። ተሸክሞ የሚሄደው ምርቃቱን ብቻ ነው።"

ዘርፌ ፈትሉን አስቀመጠች። "ምርቃቱ ምን ነበር?"

"ከሥር በተሸፈነ ነገር ውስጥ ነው የሚሰፍሩት፤ አላየሁም።"

"ሰውዬውስ እንዴት ነበር የሚሄደው?"

"ጎንበስ ብሎ። ከባድ ነው መሰለኝ።"

"ወይ እናቴ!" ዘርፌ ጭንቅላቷን ያዘች። "ገብስ ነው እኮ! ገብሱን ነው የሚሸጡት!"

"የሚሸጡትማ ገለባ ነው።"

"ገለባው ለአዋጁ ነው። ገብሱ ለሰው ነው።"

እጅጉ ጥቂት አሰበ። "እንግዲያው ገብሱ በነጻ ነው ማለት ነዋ?"

"በነጻ አይደለም!"

"ምርቃት ከሆነማ በነጻ ነው። ሲመረቅ ማን ከፍሎ ያውቃል? የተወደደው ገለባው ነው።"

ዘርፌ ለመጮህ አፏን ከፈተች፤ ግን ልጁ በሆዷ ውስጥ ስለ ገፋት ተወችው። "በሚመጣው ቅዳሜ ሂድና ገለባ ግዛ፣" አለችው ቃል በቃል፣ ለሕፃን እንደሚነገር። "ውዱን። በነጻ ቢሰጡህ እንዳትቀበል።"

"እሺ፣" አለ እጅጉ። ከሚስቱ ጋር ሰላም ለመኖር የሚያስፈልገው መስማማት እንጂ መረዳት አለመሆኑን ከተጋቡ ጀምሮ ያውቃል።

ቅዳሜ ሳይደርስ ግን ሊቁ ኮርቻቸውን ሊወስዱ መጡ። ተቀመጡበት፣ ተወዛወዙበት፣ ወደዱት። የቀረውን ሒሳብ ከፈሉና ሥራቸው ትዝ አላቸው።

"አንተ ተራ ሰው ነህ አይደል?"

"ነኝ ጌታዬ፤ ከአባቴ ጀምሮ።"

"ጥሩ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ንጉሡ ዘንድ አደርስልሃለሁ። ኑሮ እንዴት ነው?"

ከመጋረጃው ጀርባ ዘርፌ እህ እህ ብላ ሳለች።

እጅጉ ዕድሜ ልኩን እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእንዲህ ያለ ሰው ተጠይቆ አያውቅም። መዋሸት ፈራ። እትዬ ደብሪቱንም ቢያመሰግናቸው ደስ ይለው ነበር፤ የቀደመው ቅዳሜ ተቆጥተውበት ነበርና።

"እህል እንዴት ነው?" አሉ ሊቁ።

"እህልማ በነጻ ነው፣ ጌታዬ።"

"በነጻ?"

"ነጋዴዎቻችን ደጎች ናቸው። ለሰው ሁሉ ይመርቁለታል።"

ዘርፌ ጠንከር አድርጋ ሳለች።

"ታዲያ የከበዳችሁ ነገር የለም?"

"አለ እንጂ ጌታዬ። ገለባው ነው። ገለባ ተወደደብን።"

ሊቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም በየገበያው ሲዞሩ ያዩት ይኸንኑ ነበር፤ ሕዝቡ ለገለባ ተሰልፎ፣ ለገለባ እየተጋፋ፣ ለገለባ ጌጡን ሲሸጥ። ምክንያቱ አልገባቸውም ነበር እንጂ ዓይናቸው አልዋሻቸውም። አሁን ተራ ሰው በአንደበቱ መሰከረላቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዘርፌ ደግሞ መጋረጃው እስኪወዛወዝ ድረስ ትስላለች።

"ሚስትህ አሟታል እንዴ?"

"እርጉዝ ናት፣ ጌታዬ።"

"ምስኪን!" አሉ ሊቁ። "ገለባ አምሯት ይሆናል።"

ያን ዕለት ንጉሡ የሰሙት ሪፖርት ከነገሡ ጀምሮ ከሰሙት ሁሉ ያማረ ነበር። እህል በነጻ ሆኗል። ሕዝቡ ከመጥገቡ የተነሣ ገለባ መርጧል። ንጉሡ ግን የሚታበዩ ሰው አልነበሩም፤ "ሕዝቤ ገለባ ቸግሮት እኔ ራት አልበላም" አሉ። ከበሉ በኋላም ይህን ቃላቸውን አልረሱትም። በማግስቱ አዋጅ ወጣ። ከንጉሡ ጋጣ ለየቤቱ አንድ አንድ ስልቻ ገለባ በነጻ ይታደላል፤ ከእንግዲህ ገለባ ሲሸጥ የተገኘ ነጋዴ ይታሸጋል። የሕዝብን ብሶት እንዲህ በአንድ ሌሊት የሰማ መንግሥት ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ እንዳይኖር ብዙ ሰው ጸልዮአል።

ቅዳሜ እጅጉ ገንዘቡን ይዞ ገበያ ወጣ። ገበያው ጭር ብሏል። እትዬ ደብሪቱ ባዶ ቁናቸውን ደፍተው ተቀምጠውበታል።

"እትዬ፣ ገለባ ይሽጡልኝ፤ ውዱን።"

"አንተ አፍህ ይቆለፍ!" አሉት። "ንጉሡ ዘንድ ሄደህ ገለባ ተወደደብን ያልከው አንተ ነህ አሉ!"

"ሊቁ ጠየቁኝ፣ እውነቱን ነገርኳቸው።"

"የቱን እውነት? የራበህ ምንድን ነው?"

"ገብስ።"

"የነገርከውስ?"

እጅጉ አንድ ነገር ሊገባው ሲል ተሰማው፤ ግን አልጨረሰም።

"ከእንግዲህ በምን ላይ ልመርቅ?" አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ ቁጣቸው ወደ ድካም እየተለወጠ። "ባዶ ቁና ላይ ይመረቃል? የቀረችኝን ገብስ ትናንትና ገለባ ወደሚሸጥበት አገር ለሚሻገሩ ነጋዴዎች አስረከብኳት። ለእኔም ቤት አልተረፈ። ዘርፌ መቼ ነው ቀኗ?"

"ደርሷል።"

እትዬ ደብሪቱ አንገታቸውን ደፉ። እጅጉ ወደ ሌሎቹም ነጋዴዎች ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ በቂ ገንዘብ ነበረው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ ነገር አልነበረም። ይህ ርካሽ ይባላል ወይስ ውድ? የሚጠይቀው ሰው አጣ።

ዘርፌ ሰኞ ምጥ ያዛት። ገብሱ ሳይገባ አልወልድም ያለችው ሁሉ አልሆነላትም። ጎረቤቶች ገብተው "ማርያም፣ ማርያም" ሲሉ ዋሉ፤ ወደ ማታው ሴት ልጅ ተገላገለች። እልልታው ቀለጠ። ከእልልታው በኋላ ግን ማንም ወደ ምድጃው ሊያይ አልፈለገም። ዘርፌ ውሃ ጠጥታ አደረች። በማግስቱ ልጅቱ ጡት ይዛ ትስባለች፤ የሚወርድላት የለም። ታለቅሳለች፣ ትስባለች፣ ታለቅሳለች።

እትዬ ደብሪቱ ማልደው መጡ፤ ገበያ ሌላ፣ ወሊድ ሌላ ነው ብለው። እሳቸው ገብተው ሳይቀመጡ ሊቁ ደረሱ። በአዲሱ ኮርቻ ላይ ተቀምጠው፣ የንጉሡን አንድ ስልቻ ገለባ ከፊታቸው ጭነው ነበር። እውነቱን የነገራቸው ያ ተራ ሰው ምን ያህል እንደ ተደሰተ በዓይናቸው ሊያዩ ነው የመጡት። ገለባውን በር ላይ አወረዱ፣ በቅሏቸውን ከአጥሩ አሰሩና ገቡ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ፣" አሏት ዘርፌን።

"እንኳን አብሮ ደስ አለን፣" አለች፣ በሚሰማና በማይሰማ ድምፅ።

ሊቁ ልማድ አዋቂ ናቸው። ሳይቀምሱ ቢወጡ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። አራሷን ሊጠይቁ የመጡት ሴቶችም እሳቸውን እያዩ ጠበቁ። በመጨረሻ ሊቁ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው "ገንፎውስ?" አሉ።

"ይመጣል ጌታዬ፣" አሉ እትዬ ደብሪቱ። "ይረጋጉ።" እጅጉን በክንዱ ይዘው ወደ ጓሮ ጎተቱት።

"እትዬ፣ ምን ልናበላቸው ነው?"

"የሰጡንን ነዋ።"

ገለባውን ወቀጡ፣ ነፉ፣ ከፈላ ውሃ ጋር አማሰሉት። አልያዝ አለ። የኑግ አተላ ጨመሩበት፤ እንደ ምንም ቆመ። እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን እየጠረጉ ዞር ሲሉ ዓይናቸው በቅሎዋ ላይ አረፈ። ከኮርቻው ጎን አንዲት ስልቻ ተንጠልጥላለች። ሄደው አፏን ፈቱና እጃቸውን ከተቱ። ያወጡት ነጭ፣ የተበጠረ፣ ድንጋይ የሌለበት ገብስ ነው።

"ይኼን ነው በቅሎዋ የምትበላው?"

እጅጉ ደነገጠ። "ይመልሱት እትዬ! ስርቆት ነው!"

"የምን ስርቆት? ገለባ እንከትላቸዋለን። ለንጉሡ ገለባ ውድ ነው፣ እህል በነጻ ነው ብለው የመሰከሩ እሳቸው አይደሉም? ውድ ነገር ሰጥተን ነጻ ነገር ብንወስድ የተጎዳው ማን ነው?"

እጅጉ ሊያሰላ ሞከረ። ውዱ ገለባ፤ ገለባው አሁን በነጻ ነው፤ ነጻው ገብስ፤ ገብሱ ደግሞ የለም፤ የሌለው ገብስ ይኸው አለ። ከቤት ውስጥ የልጅቱ ልቅሶ ተሰማ። እጅጉ ሒሳቡን እንደ ጀመረ ተወውና ስልቻዋን ገለበጠ። እጁ ይሠራ የነበረው ያለ ጭንቅላቱ ነው፤ ግን ጥሩ አድርጎ ሠራው። ገለባውን ጠቅጥቆ ሞልቶ፣ ከላይ አንድ እፍኝ ገብስ በተን አድርጎ አሰራት። ኮርቻ ሰፊ ነውና መጎስጎስ ያውቃል።

ገንፎው ለሊቁ ቀረበላቸው። ጎረሱ። አኘኩ። ሴቶቹ ሁሉ አፍ አፋቸውን ያያሉ። ሊቁ ያኝካሉ። እንደገና ያኝካሉ። ሊተፉት ልማዱ አይፈቅድም፣ ሊውጡት ጉሮሯቸው አይፈቅድም።

"እንዴት ነው ጌታዬ?" አሉ እትዬ ደብሪቱ።

"ለ... ለየት ያለ ነው።"

"ይጨምሩ እንጂ።"

"ጠግቤያለሁ።"

"እኛም እንዲሁ ነው የምንለው።"

ሊቁ በውሃ አወራርደው ዋጡት። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ዘርፌን አዩዋት፣ ልጅቱን አዩዋት። ያን ጊዜ አሁንስ እውነቱን ሊናገሩ ነው ብሎ ቤቱ ሁሉ ጠበቀ። ሊቁ ከንፈራቸው ላይ የተጣበቀ ገለባ በጣታቸው አነሱ፣ ተመለከቱት፣ ተነሡ።

"ሕዝቡ ገለባን ወደ ገንፎ ደረጃ እንዳሳደገው ለንጉሡ አቀርባለሁ፣" አሉና ወጡ።

እሳቸው ከአጥሩ ሳይርቁ ምድጃው ላይ ሌላ ድስት ተጣደ። ዘርፌ የገብስ ገንፎ በላች። ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው፤ ትኩሱን አፏ እየተቃጠለ በላች። ገብሱ ከየት እንደ መጣ ሲነግሯት ማንኪያውን አቁማ ሳቀች፤ "በቅሎ መሆን እንዲህ ይጣፍጣል?" አለች። ወደ ማታ ልጅቱ ጠግባ ተኛች።

በቅሎዋ ግን ቤተ መንግሥቱ በር ስትደርስ ስልቻዋ አፏ ላይ ታሰረላት። አንድ ጊዜ ጎረሰች። ሁለተኛውን ተፋችው። ልማድ አታውቅምና አላፈረችም። በሩ መካከል ላይ ተኛችና አናፋች። ንጉሡ በመስኮት ብቅ አሉ።

"ምን ሆና ነው?"

"ርቧት ነው፣ ግርማዊ ሆይ።"

"ርቧት? በእኔ አገር?"

ንጉሡ ደነገጡ። ያን ሰዓት ሊቃውንቱ በሙሉ ተጠሩ። ሸንጎ ተቀመጠ፤ ክርክር ሆነ፤ አንድ ሽማግሌ ሊቅ አለቀሱ። በዚያ አገር ላይ ችግር መግባቱ በመንግሥት ዘንድ የታወቀው በዚያ ቀን ነው። በማግስቱም አዋጅ ነጋሪው ወጣ። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከንጉሡ ጎተራ ለበቅሎ ሁሉ ገብስ እንዲሰጥ ታዟል!"

እጅጉ ልጁን ታቅፎ በር ላይ ቆሞ ሰማው። "ደስ ይበለን ወይስ እንዘን?" ብሎ ወደ ውስጥ ጠየቀ። ዘርፌም ገና እያሰበችበት ነበር።

የዚህ ታሪክ ትምህርት እንዲህ ነው። በቅሎዋ ከእጅጉ የበለጠ አዋቂ አልነበረችም። ግን የራባትን ነገር በሌላ ነገር ስም አልጠራችውም፤ የሰጧትንም ገለባ ለየት ያለ ነው አላለችም። ሰው ግን ችግሩን በይሉኝታ፣ በፍርሃት ወይም በግራ መጋባት ሸፍኖ ሲናገር፣ መድኃኒቱ የሚታዘዝለት ለሸፈነበት ጨርቅ ነው። የሚሰማውም ሹም የተነገረውን ብቻ ሰምቶ ከፊቱ የተቀመጠውን ካላየ፣ ቸርነቱ ራሱ ረሃብ ይሆናል።

ዛሬ መንገድ ላይ ያገኙት ሰው "ኑሮ እንዴት ነው?" ብሎ ጠይቆዎት ይሆናል። ምን አሉት? የመለሱለት የተወደደብዎን ነው ወይስ ለመናገር የቀለለዎትን?